የእህቴ ቅንፎች

ሰው መጽሐፉን ሌባ ሰርቆት ያዝናል፤ ጎርፍ ወስዶት ያዝናል። የእኔን መጽሐፍ ያበላሸችው ግን የገዛ እህቴ ናት፤ ያውም ልትረዳኝ ብላ። ይባስ ብሎ ሰዉ ሁሉ የወደደው ብልሽቱን ነው። ከዚህ በላይ የሚያበግን ነገር ካለ ንገሩኝና በእሱም ልብገን።

ሥራዬ አሳንሰር መጠገን ነው። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ እህቴን ከጠየቃችሁ ግን ትምህርቱ ነው እሱን የተወው ትላችኋለች። አሳንሰር በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ ሲል፣ ባልደረባዬ ጣሪያ ሥር ካለው ክፍል ገብቶ መዘውሩን በእጁ ያዞራል፤ እኔ ደግሞ በሩ ስንጥቅ ላይ አፌን ደቅኜ ውስጥ ያሉትን አረጋጋለሁ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ውስጥ የታሰረን ሰው «አይዞህ» ቢሉት ይብስበታል። «ይኼማ ምን አላት! ባለፈው አንዱ ቆሞበት…» ብላችሁ ከጀመራችሁለት ግን በሩን መደብደቡን ትቶ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። በዚህ ዓይነት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በስንጥቅ ዋሸሁ። ሰው አረጋጋሁበት እንጂ ማንንም አልጎዳሁበትም።

አንድ ቀን አንዲት ነርስ ስድስተኛና ሰባተኛ ፎቅ መካከል ቀረችብኝ። በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «የታሪክህን ሰውዬ ገመድ ላይ እንደተንጠለጠለ ትተኸው በሩን ትከፍታለህ? ጨርስልኛ!» ብላ አፈጠጠችብኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አስጨረሰችኝ። ስትሄድ፣ «አንተ፣ ይኼን መጽሐፍ አታደርገውም?» አለች።

እንግዲህ ጉድ የሠራችኝ ያቺ ነርስ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለም። መጽሐፍ ስላችሁ ደግሞ የወረቀቱን ማለቴ ነው። ቆሞ የቀረ አሳንሰር ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ስልክ እዚያ የሚያገለግለው ለመብራት ብቻ ነው። መጽሐፍ ግን በበሩ ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፤ ለክቼዋለሁ። ሁለት ሕንፃ በአንድ ጊዜ ሲጠራኝ፣ በአንደኛው በኩል መጽሐፌ ያረጋጋልኛል። ጀርባው ላይም ስሜ ይኖራል። ከዚህ ዓለም ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሞኙ ወረቀት አማረኝ።

ከምንሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ወጣት አለች። ወሬ ከእሷ አያመልጥም።

«ጋሼ፣ አሳታሚ ዘንድ ባዶ እጅዎን እንዳይሄዱ» አለችኝ። «መጀመሪያ የሚጠይቁዎት ስንት አንባቢ አለዎት ብለው ነው።»

«መጽሐፉ ሳይወጣ አንባቢ ከየት ይመጣል?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት! መጀመሪያ ራስዎ ኢንተርኔት ላይ በኢ-መጽሐፍ ይልቀቁት። ሰው ሲያነበው ቁጥሩን ይዘው አሳታሚ ዘንድ ይሄዳሉ።»

ለመታተም መነበብ፣ ለመነበብ መታተም! አሳንሰር እንኳ ይወጣል ይወርዳል እንጂ እንዲህ ክብ አይዞርም። ቢሆንም እሺ አልኩ።

ችግሩ፣ ኪቦርድ ላይ እኔ ያለችኝ አንድ ጣት ናት። ታላቅ እህቴ ግን አሥሩም አሏት። ፍርድ ቤት የችሎት መዝጋቢ ናት፤ ምስክር ያለውን፣ ጠበቃ ያለውን፣ ዳኛ ያሉትን ስትጽፍ ሠላሳ ዓመት ሞላት። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ኪቦርዷን ዘርግታ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ «ቀጥል» ትለኛለች። «ቀጥል» ስትለኝ የሆነ ነገር የሰረቅሁ ይመስለኛል።

እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እኔ ዝም እላለሁ፣ እሷ ግን አታቆምም። ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

«እታለም፣ እኔ እኮ ጨርሻለሁ። ምንድን ነው የምትጽፊው?»

«አራት ነጥብ።»

«አራት ነጥብ እንዲህ ይረዝማል እንዴ?»

«እንደ ዓረፍተ ነገሩ ነው። ቀጥል።»

እኔም ቀጠልኩ። ጅል ነኝ አላልኳችሁም?

አሥራ አንድ እሁድ ከሠራን በኋላ ፍላሽ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «እዚህ ውስጥ ሁለት ፋይል አለ» አለች። «አንዱ የእኔ ማስታወሻ ያለበት ነው፤ እሱን አንብበህ ታርማለህ። ሌላው ንጹሑ ነው። አደራ እንዳታምታታው።» እሺ እሺ አልኳት። እሺ እሺ ስል እንዳልሰማሁ ታውቃለች፤ እያወቀች ግን ዝም አለች፤ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤት ስደርስ ልጅቷ ፍላሹን ሰካችና፣ «ጋሼ፣ ሁለት ነው ያለው። የትኛው ይለቀቅ?» አለች።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ይኼኛው ወፈር ይላል። ሠላሳ ገጽ ይበልጣል።»

አሳንሰር ጠጋኝን ሁለት ገመድ አሳይታችሁ ምረጥ ብትሉት ምን የሚል ይመስላችኋል? በሕይወቴ ቀጭን ገመድ መርጬ አላውቅም። ቀጭን የመረጡት ጓደኞቼ የት እንዳሉ አልነግራችሁም።

«ወፍራሙን!» አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መጽሐፌን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ልጅቷ ስልኳን እያወዛወዘች ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

«ጋሼ! አምስት ሺህ ሰው አንብቦታል! ሰዉ እየተቀባበለው ነው!»

እጄን በጨርቅ ጠርጌ ስልኩን ተቀበልኳት። አስተያየቶቹን ላነብ ጎምለል ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። «ሴትዮዋ በሳቅ ገደለችኝ!» ይላል የመጀመሪያው። የቷ ሴትዮ? «የቅንፏ እመቤት ዕድሜ ይስጥልን» ይላል ሁለተኛው። ሦስተኛውን ባላነብ ይሻለኝ ነበር፦ «ሰውዬው ዝም ብሎ ይቀባጥራል፤ ቅንፉ ጋ እስክደርስ ነው የምቸኩለው።»

ይቀባጥራል! ሃያ ሁለት ዓመት ነፍስ ሲያረጋጋ የኖረ አፍ ይቀባጥራል!

«አንቺ፣ የሌላ ሰው መጽሐፍ ነው ያመጣሽልኝ» አልኳት።

«የእርስዎው ነው እኮ። ራስዎ አላነበቡትም እንዴ?»

የገዛ ራሴን ታሪክ ምን ብዬ አነባለሁ? የማውቀው መስሎኝ ነዋ! ከፈትኩት። የመጀመሪያው ታሪክ፣ አሳንሰር ውስጥ ብዙ ከመቆየቱ የተነሳ ጺሙ ደረቱ ድረስ ስላደገው ነጋዴ ነው፤ ሲወጣ የገዛ ልጁ አላወቀውም። ይኼን ስናገር ስንቱን አስቄበታለሁ! ከሥሩ ግን እንዲህ ይላል፦

(ሰውዬው የቆየው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ጺሙን ይዞ ነው የገባው።)

ገጽ ገለጥኩ። አሳንሰሩ ሽቅብ ተፈትልኮ አሥራ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ስለቆመበት ቀን ነው የሚያወራው።

(ሕንፃው ዘጠኝ ፎቅ ነው። ቆጥሬዋለሁ።)

ሌላ ገለጥኩ። የተበጠሰውን ገመድ በጥርሴ ነክሼ ሰባት ሰው እንዴት እንዳወጣሁ።

(የፊት ጥርሱ የወለቀው በአሥራ አንድ ዓመቱ ከጎረቤት አጥር ላይ ወድቆ ነው። አጥሩ ላይ ምን ሊሠራ እንደወጣ ራሱ ይናገር።)

የአሳንሰሩን ቁልፍ በአፍንጫው ስለተጫነው ውሻ አራት ገጽ አስጽፌያለሁ፤ በጣም የምወደው ታሪክ ነው። እሷ በሁለት ቃል ገደለችው፦

(ውሻ አልነበረም።)

«አውርጂው!» ብዬ ጮህኩ። «አሁኑኑ አውርጂው! ስሜን ጭቃ ቀባችው!»

«ጋሼ፣ አብደዋል? አንባቢ ፈልገው አልነበር? ያውልዎት አንባቢ! ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ፤ አሳታሚው የሚያየው ቁጥሩን ነው።»

እውነቷን ነው። ቁጥር ቁጥር ነው። ቅንፉን ለአሳታሚው አስረድቼ አስወጣዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለእህቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ኢንተርኔት ላይ የምትገባ ሴት አይደለችም፤ ማን ይነግራታል?

የአሳታሚው ቢሮ ያልተሸጡ መጻሕፍት እስከ ጣሪያው የታጨቁበት ጠባብ ክፍል ነው። «ይቀመጡ» አሉኝ፤ ወንበር ስላልነበረ የመጽሐፍ እሽግ ላይ ተቀመጥኩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና፣ «ኢንተርኔት ላይ አነበብኩት» አሉ። «ሁለት ጊዜ። አንዴ ሙሉውን፣ አንዴ ቅንፉን ብቻ።»

«ቅንፉ ይወጣል» አልኩ ተሽቀዳድሜ። «ስህተት ነው። ንጹሑ አለ፤ ፍላሹን ይዤዋለሁ።»

«ንጹሑን ምን ላድርገው?» አሉ። «አይቀየሙኝና፣ ውሸታም በየመንገዱ አለ። እውነት ተናጋሪ አጠገቡ ያስቀመጠ ውሸታም ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። አንባቢው እርስዎን የሚያነበው በእሷ ተማምኖ ነው። ቅንፏ ውስጥ አንዲት ሐሰት የተገኘች ዕለት መጽሐፉ አለቀለት። ማን ናት?»

«እህቴ ናት።»

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ዛሬውኑ ይውረድ፤ ደጅ የተሰጣ ነገር አላትምም። ደግሞ እዚያ ያልወጣ አንድ አዲስ ታሪክ ከነቅንፉ ይጨመርልኝ። በአሥር ቀን ውስጥ ይምጡና ትፈርማላችሁ፤ እርስዎም እህትዎም።»

«እሷ ለምን ትፈርማለች?»

«ደራሲ ናቸዋ!»

ደራሲ! እኔ አሥራ አንድ እሁድ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተናግሬ፣ እሷ «ውሻ አልነበረም» ብላ ደራሲ! ግን የወረቀት ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቷል። እሺ አልኩ። እህቴን ሳልጠይቅ እሺ አልኩ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ወዲያው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አስወረድኩት። ልጅቷ እያዘነች አንድ ነገር ተጫነች፤ አምስት ሺሁም ሰው፣ አስተያየቱም፣ መጽሐፉም ብን ብሎ ጠፋ። አስተያየቶቹን ብቻ አስቀድማ በወረቀት አትማልኝ ነበር። አሁን እንግዲህ እህቴ እምቢ ካለች ከሁለት ያጣ ሆንኩ ማለት ነው፤ ኢንተርኔትም የለ፣ ወረቀትም የለ።

ቤቷ ስደርስ ሳላንኳኳ በሩን ከፈተችልኝ። ፊቷን ሳየው ሮጬ ልመለስ ምንም አልቀረኝ።

«ግባ።»

«ደኅና ዋልሽ እታለም?»

«ክቡር ዳኛው ዛሬ ጠዋት በሙሉ ችሎት ፊት ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ?»

«ምን አሉሽ?»

«መጽሐፍህ ላይ የአባታችንን ስም አይተው ኖሮ፣ ምስክሩ ቃሉን ሰጥቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞር አሉና፣ ‹መዝጋቢዋ፣ በዚህ ላይ ቅንፍ አለሽ?› አሉኝ። ጠበቆቹ ሳቁ። ተከሳሹ ሳቀ! እጁ በሰንሰለት ታስሮ የመጣ ሰው፣ በእኔ ሳቀ!»

«በስህተት ነው እኮ፣ ወፍራሙን…»

«ዝም በል! ሠላሳ ዓመት ከራሴ አንዲት ፊደል ጨምሬ አላውቅም። ዓይኔ እያየ ሲዋሹ ጽፌያለሁ። ሰውዬው ደጁን ረግጦት በማያውቅ ቤት ‹ራት በልቼበታለሁ› ሲል ጽፌያለሁ። ደሜ እየፈላ ጽፌያለሁ። እሁድ እሁድ ካንተ ጋር ብቻ ነው እፎይ የምለው። እሷኑ ወስደህ አደባባይ አሰጣሃት!»

ውሸት እንኳ ጠፋኝ፤ እንግዲህ ነገሩ የት እንደደረሰ ከዚህ እወቁት። እንዳመጣልኝ ስለ አሳታሚው፣ ስለ አዲሱ ታሪክ፣ ስለ ፊርማው ዘረገፍኩት። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን ታጥባለች።

ሳህኑ አለቀ። «ምን ይላሉ?» አለች ሳትዞር።

«እነማን?»

«አንባቢዎቹ ናቸዋ! የጥርስህን ነገር ሲያነቡ ምን አሉ?»

የታተመውን አስተያየት ሰጠኋት። እጇን አደራርቃ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ እንደ ክስ ማመልከቻ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ፊቷ ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም። መጨረሻ ላይ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች።

«‹የቅንፏ እመቤት›» አለች። «እመቤት ነው የሚለው?»

«እመቤት ነው የሚለው።»

ኪቦርዱን ሳበች። «ቀጥል» አለች።

አዲሱን ታሪክ ያዘጋጀሁት እየመጣሁ ነው። አንድ የጥርስ ሐኪምና በሽተኛው ጨለማ አሳንሰር ውስጥ ይቀራሉ፤ በሽተኛው በሕመም ይጮኻል፤ እኔ በስንጥቁ መብራት እያበራሁለት ሐኪሙ እዚያው ጥርሱን ይነቅላል። ተናገርኩ፣ አጋነንኩ፣ እጄን አወናጨፍኩ። ስጨርስ ቀጭ ቀጭ አለች። ይኼኔ ብልጥ ሆኛለሁ፤ ዞሬ ከኋላዋ አነበብኩ።

(ሐኪሙ ግራኝ ነው። የነቀለውም አንድ ሳይሆን ሁለት ጥርስ ነው፤ እዚያ ነበርኩ።)

«እታለም፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ቅንፍ።»

«እዚያ ነበርኩ ትያለሽ እኮ!»

«ነበርኩ።»

«የት? ሐኪሙን የፈጠርኩት እኔ ነኝ! አሁን፣ ያንቺን ደረጃ ስወጣ! ጥርሱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ! ‹እዚያ› የሚባል ቦታ እኮ የለም!»

«አንተ የፈጠርከው አንድ ጥርስ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «እኔ ያየሁት ሁለት ነው።»

ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ሰዎች፣ እኔ ነኝ እኮ ይኼን የምለው፣ እኔ! «እባክሽ እንደ ድሮሽ ውሸት ነው ብለሽ ጻፊበት። ስደቢኝ። ጥርሴን አንሺ፣ አጥሩን አንሺ፣ ምን ልሠራ እንደወጣሁም ተናገሪ! ሰውዬው አንዲት ሐሰት ከተገኘች አለቀ ብለዋል።»

«ማን ያገኛታል?»

«እኔ አላገኘኋትም?»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለችና መነጽሯን አወለቀች። «ስንቱ መጥቶ ፊቴ ሲዋሽ ሠላሳ ዓመት አጨብጭቤለታለሁ፤ በአሥር ጣቴ። ለእኔ አንዲት ውሸት አትገባኝም?»

«ትገባሻለች። ግን በእኔ መጽሐፍ?»

«በእኛ መጽሐፍ» አለች።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝን ልንገራችሁ? ውሸቷ የእኔን ያስንቃል። ግራኝ! ሐኪሙ ግራኝ ነው የሚል ቃል ከየት መጣላት? እኔ ሦስት ገጽ ሙሉ ለፍቼ ያላቆምኩትን ሰውዬ፣ እሷ በአንዲት ቃል አቆመችው። ከዚያ ቀን በኋላ ሳስበው ሐኪሙ ጉጠቱን በግራ እጁ ይዞ ነው የሚመጣብኝ። ስምንት ቀን ለመንኳት፤ አልሰረዘችም። ቀኑ ሲደርስ ሁለታችንም ደህና ደህና ልብሳችንን ለብሰን ሄድን።

አሳታሚው ለእሷ የራሳቸውን ወንበር ለቀቁላት። እኔ እሽጌ ላይ ተቀመጥኩ። አዲሱን ታሪክ እኛው ፊት አነበቡት፤ ቅንፉ ጋ ሲደርሱ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሏት። «እዚህ ላይ ‹እዚያ ነበርኩ› ብለዋል። በሌሎቹ የትም ቦታ እንዲህ አላሉም።»

«በሌሎቹ አልነበርኩማ» አለች። «የዚያን ዕለት በራሴ ጥርስ ምክንያት ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ፣ ደረጃው ሥር ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም።»

ቀኑን አላስታውሰውም! ስንቱ ምስክር ቀንና ሰዓት ካልጠራሁ ብሎ ፊቷ ሲወድቅ አይታለች፤ የት ላይ እንደሚሰናከሉ ታውቃለች። እሷ የትም አልተሰናከለችም። ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም።

አሳታሚው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎስ? እህትዎ ነበሩ?»

ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ብዕሩ ላዩ ላይ ተጋድሟል። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱ ሙሉ በሙሉ በእኔ አፍ ውስጥ ነበር፤ የሚውጡትም የሚተፉትም ዓይነት አይደለም። ብናገረው መጽሐፌ በኢንተርኔትም በወረቀትም የለም። ደግሞስ ብናገረው? በአንድ በኩል የችሎት መዝጋቢ፣ በሌላ በኩል እኔ፤ እናንተ ብትሆኑ ማንን ታምናላችሁ?

«ነበረች» አልኩ። አፌ ግን ከጀመረ በዚያው አይቆምም። «እንዲያውም በሩ ሲከፈት መጀመሪያ እላዬ ላይ የወደቀችው እሷ ናት።»

እህቴ ከመነጽሯ በላይ አሻግራ ገላመጠችኝ፤ ያ የእሁዱ ግልምጫ።

«መጀመሪያ የወጣው በሽተኛው ነው» አለች ለአሳታሚው፣ በረጋ ድምፅ። «እኔ ውጭ ነበርኩ። ወንድሜ ማጋነን ይወዳል።»

አሳታሚው ከትከት ብለው ሳቁ። «ይችንም በቅንፍ ያስገቡልኝ» አሉና ብዕሩን ለእሷ ሰጧት።

ፈረመች። ብዕሩን ወደ እኔ ገፋችው። ምን ላድርግ? ከሥሯ ፈረምኩ።